ስለ ቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ዛፎችና ስለ ተተኪዎቻቸው

ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው በመናገሻ አስተከሉ እየተባለ ሲነገር ይኖራል። ታሪክ የተካዩን ስም እንዲህ አድርጎ ይጠብቃል፤ ማንም ሳይተክለው በገዛ ራሱ የበቀለው ዛፍ ግን ጸሐፊ አላገኘም። ዳሩ ግን በደቡብ ጎንደር አድባራት ዙሪያ የሚታየው ጥንታዊው ዝግባና ወይራ በአብዛኛው ከእናቱ ሥር ወድቆ ወይም በአዕዋፍ ተዘርቶ የበቀለ ነው።

የዛፍ ዘር በምድር ውስጥ እንደ ጎተራ እህል ተከማችቶ የሚቆይ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በ1980ዎቹ ዓመታት በመናገሻ ደን የተደረገው ምርመራ እንዳስረዳው ከታላላቆቹ ዛፎች የብዙዎቹ ዘር በአፈር ውስጥ ረጅም ዘመን አይኖርም። ደኑ ያለው መዝገብ በጥላ ሥር ቀጥኖ ተራውን የሚጠብቀው ችግኝ ነው፤ ሽማግሌው ዛፍ ሲወድቅና ብርሃን ሲገባ ያን ጊዜ ይነሣል። ጥድ ብቻ ጠባዩ ልዩ ነው፤ ከራሱ ጥላ ሥር ማደግ አይሆንለትም።

የአባቶች ግዝት መጥረቢያን ከልክሏል፤ የከብትን ኮቴ ግን አልከለከለም። በዙሪያው ያለው ምድር ሁሉ ታርሶ ሲያልቅ፥ ከብቱ በበጋ ጥላና ለምለም ፍለጋ ወደ ዐጸዱ ይገባል፤ ቡቃያውን ይግጣል፥ የቀረውን ይረግጣል። ከብቱም የባዕድ አይደለም፤ የምእመናኑ፥ አልፎ አልፎም (መናገሩ ቢያሳፍርም) የካህናቱ ነው። ስለዚህ ከላይ ለሚመለከተው ደኑ ባለጸጋ ነው፤ ከሥሩ ዝቅ ብሎ ላየው ግን ወራሽ የለውም።

ይህን በሚገባ የመረመሩት፥ ብዙ አንባቢ «እመጓ» በተባለው መጽሐፋቸው የሚያውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2007 ዓመት በሆላንድ አገር በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ባቀረቡት ድርሳን የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን አጥንተዋል። ዘርና ችግኝ በታጠረና ባልታጠረ ስፍራ አድርገው ቢያስተያዩት፥ በታጠረው ውስጥ ያለው ይልቅ በቀለ፥ ይልቅም ሰነበተ። ከዚያም ወዲህ ከአሜሪካዊቷ የደን ሊቅ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ከካህናቱና ከሕዝቡ ጋር ስለ አጥር መከሩ፤ በአንዳንዱም ደብር የአገሩ ሰው ከየእርሻው ድንጋይ ለቅሞ በዐጸዱ ዙሪያ ካብ ካበ። ድንጋዩ ከማሳው በመነሣቱ ለገበሬውም እርሻው ቀለለለት።