የእንስሳት ሐኪምና የባለቤት ምክክር

የእንስሳት ሐኪምና የባለቤት ምክክር ማለት ውሻ፣ ድመት ወይም ሌላ ከሰው ጋር የሚኖር እንስሳ ለሕክምና ሲቀርብ፣ ሐኪሙና እንስሳውን ያመጣው ሰው የሚያደርጉት ንግግር ነው። በዚህ ሕክምና ታማሚው አይናገርም። የሕመሙን ታሪክ የሚነግረው፣ በሕክምናው የሚስማማው፣ ወጪውን የሚከፍለውና ቤት ሄዶ መድኃኒቱን የሚሰጠው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ንግግሩ ራሱ እንደ ደም ምርመራ ሁሉ የሕክምናው አካል ሆኖ ይቆጠራል።

== የምክክሩ ደረጃዎች ==

በብዙ አገሮች የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች የምክክርን ዘዴ የሚማሩት በካልጋሪ–ኬምብሪጅ መመሪያ ላይ ተመሥርተው ነው። መመሪያውን በመጀመሪያ ለሰው ሐኪሞች ያዘጋጁት ሱዛን ከርትዝና ጆናታን ሲልቨርማን ሲሆኑ፣ የታተመውም እ.ኤ.አ. በ1996 ነበር። በኋላ ለእንስሳት ሕክምና እንዲስማማ ተደርጎ ተሻሽሏል። መመሪያው ምክክሩን በአምስት ደረጃዎች ይከፍለዋል፦

* መክፈቻ፦ ሐኪሙ ራሱን ያስተዋውቃል፣ የእንስሳውን ስም ይጠይቃል፣ ባለቤቱ የመጣበትን ጉዳይ ይሰማል።
* መረጃ መሰብሰብ፦ ምልክቱ መቼ እንደ ጀመረ፣ እንስሳው ምን እንደሚበላ፣ የትኞቹን ክትባቶች እንደ ወሰደ ይጠየቃል።
* አካላዊ ምርመራ፦ ሐኪሙ እየመረመረ ያየውን ለባለቤቱ ይናገራል።
* ማስረዳትና ማቀድ፦ የሕክምና አማራጮች ከነጥቅማቸው፣ ከነጉዳታቸውና ከነዋጋቸው ይቀርባሉ።
* መዝጊያ፦ የተስማሙበት ይደገማል፤ ቀጣዩ ቀጠሮ ይወሰናል።

ከእነዚህ ጎን ለጎን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለት ሥራዎች ይቀጥላሉ። አንደኛው ከባለቤቱ ጋር መተማመንን መፍጠር ሲሆን፣ ሁለተኛው የንግግሩን ቅደም ተከተል መጠበቅ ነው።

== ማዳመጥ ==

እ.ኤ.አ. በ1984 ሃዋርድ ቤክማንና ሪቻርድ ፍራንክል በአሜሪካ ባሳተሙት ጥናት፣ የሰው ሐኪሞች ታማሚውን በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ እንደሚያቋርጡት አሳይተዋል። በካናዳ ኦንታሪዮ በእንስሳት ክሊኒኮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አግኝቷል። ብዙ ሐኪሞች በመክፈቻው ላይ ባለቤቱን ምን እንደሚያሳስበው አይጠይቁም ነበር። ይህ ጥያቄ ባልቀረበባቸው ምክክሮች፣ ባለቤቱ ሊወጣ ሲል አዲስ ጉዳይ የማንሣቱ ዕድል ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። እንዲህ ያለው ዘግይቶ የሚነሣ ጉዳይ ምርመራው ካለቀ በኋላ ስለሚመጣ ወይ ጊዜ ይወስዳል፣ ወይ ሳይታይ ይቀራል።

== የጥያቄ ዓይነቶች ==

ሐኪሙ በክፍት ጥያቄ እንዲጀምርና ቀስ በቀስ ወደ ዝግ ጥያቄ እንዲያልፍ ይመከራል። «እስቲ ከመጀመሪያው ጀምረው ይንገሩኝ» የሚለው ክፍት ነው። «ትላንት አስታወከ?» የሚለው ደግሞ አዎ ወይም አይደለም ብቻ የሚመለስለት ዝግ ጥያቄ ነው።

ወቀሳ ያዘለ ጥያቄ መረጃን ያስደብቃል። ለምሳሌ ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። የድመት ጉበት መድኃኒቱን እንደ ሰው ጉበት ሊያስወግደው ስለማይችል፣ ለአዋቂ ሰው የተዘጋጀ አንድ ኪኒን ድመትን ሊገድል ይችላል። ማርከሻው አሴቲልሲስቲን የሚባል መድኃኒት ሲሆን፣ በቶሎ ሲሰጥ የተሻለ ይሠራል። ባለቤቱ ግን «ማን መድኃኒት ስጥ አለህ?» ቢባል ያፍርና ሊክድ ይችላል። «ብዙ ሰው እንስሳው ሲታመም ቤት ያለውን መድኃኒት ይሰጣል፤ እርስዎስ የሰጧት ነገር አለ?» ሲባል እውነቱን መናገር ይቀለዋል።

== ስለ ወጪ መነጋገር ==

እንስሳው የጤና መድን ከሌለው ወጪውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ባለቤቱ ስለሆነ፣ ገንዘብ በምክክሩ ውስጥ አስቸጋሪ ርዕስ ነው። በኦንታሪዮ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ የቡድን ውይይት ጥናት፣ ባለቤቶች ከገንዘቡ በፊት የእንስሳው ደኅንነት እንዲቀድም እንደሚጠብቁ ገልጸዋል። ዋጋው አስቀድሞ እንዲነገራቸውም ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሐኪሙ እያንዳንዱ ምርመራ ምን ለማወቅ እንደሚረዳ ከዋጋው ጋር አያይዞ ማስረዳትና ከአንድ በላይ አማራጭ ማቅረብ ይጠበቅበታል።

== ክፉ ዜናና የመጨረሻ ውሳኔ ==

ክፉ ዜናን ለመንገር ስፓይክስ የሚባለው ባለ ስድስት ደረጃ ዘዴ ያገለግላል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ2000 ለካንሰር ሐኪሞች የቀረበ ሲሆን፣ በእንስሳት ሕክምናም ተወስዷል። ደረጃዎቹም ጸጥ ያለ ቦታ ማዘጋጀት፣ ባለቤቱ የሚያውቀውን መጠየቅ፣ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ መረዳት፣ ዜናውን በግልጽ ቃል መንገር፣ ስሜቱን መቀበልና ቀጣዩን እርምጃ ማቀድ ናቸው።

ከሰው ሕክምና የሚለየው ትልቁ ጉዳይ፣ የማይድን እንስሳ ያለ ሥቃይ እንዲሞት የማድረግ ውሳኔ ነው። በእንግሊዝኛ ይህን ድርጊት «ማስተኛት» ብሎ መጥራት የተለመደ ቢሆንም፣ ለቀዶ ሕክምና ሰመመን ከመስጠት ጋር ሊምታታ ይችላል። በተለይ ልጆች እንስሳው የሚነቃ ሊመስላቸው ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ «ይሞታል» የሚለውን ቃል በርኅራኄ ግን ሳይሸሽ እንዲጠቀም፣ ከተናገረም በኋላ ዝም ብሎ ለባለቤቱ ጊዜ እንዲሰጥ ይመከራል።

== የእብድ ውሻ በሽታና ምክክር ==

እንደ ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ባለባቸው አገሮች ምክክሩ የሰውንም ሕይወት ይጠብቃል። ጠባዩ የተለወጠ ውሻ ሲቀርብ ሐኪሙ መከተቡን፣ በሌላ ውሻ መነከሱን፣ እንዲሁም ማንን እንደ ነከሰ ወይም ቁስሉን እንደ ላሰ ይጠይቃል። በሽታው በሰው ላይ ምልክት ካሳየ በኋላ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል፤ ከዚያ በፊት ግን በክትባት መከላከል ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እንዲያጥብና ወደ ጤና ተቋም እንዲሄድ ይመክራል።

== መረዳትን ማረጋገጥ ==

«ገባዎት?» የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «አዎ» ብቻ ያስመልሳል። በምትኩ ሐኪሙ «መድኃኒቱን ቤት ሄደው እንዴት እንደሚሰጡት ይንገሩኝ» ይላል፤ ወይም የዓይን ጠብታውን ባለቤቱ ራሱ እዚያው እንዲያደርግ ይጠይቀዋል። ስሕተት ካለ ክሊኒኩ ውስጥ ሳለ ይታረማል። መድኃኒቱ በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ፣ ለስንት ቀን እንደሚቀጥልና ምን ምልክት ሲታይ መመለስ እንደሚያስፈልግ በጽሑፍ መስጠትም ይረዳል።