ለውዝ፦ አንድ ስም፣ ሁለት ፍሬ

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተዘጋጀ)

  

የተከበራችሁ የዝግጅታችን ተከታታዮች፦ የዛሬውን ርዕስ ያገኘሁት ከአንዲት የጂንካ እናት ጥያቄ ነው። እንዲህ አሉኝ፦ «ኡስታዝ፣ ለውዝ ለሚቀራ ልጅ አእምሮ ይከፍታል ይባላል። ልጄ ቁርአን እየሐፈዘ ነው። ከሐጅ የተመለሱ ጎረቤቴ ያቀመሱኝ ለውዝና እዚህ ቅዳሜ ገበያ በስኒ እየተሰፈረ የሚሸጠው ለውዝ አንድ ናቸው? ካልሆኑ የሐጁን ዓይነት ከአዲስ አበባ ላስመጣለት ብዬ ሳንቲም እያጠራቀምኩ ነው።»

ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አንዲት እናት ከቀለቧ ቀንሳ የምታጠራቅመው ገንዘብ ትንሽ ነገር አይደለም። እግረ መንገዱንም ታሪክን፣ ጤናንና የንግድ አማናን የሚነካ ሆኖ ስላገኘሁት ሰፋ አድርጌ ልመልሰው ወደድሁ።

የኪታቦቹ ለውዝ

በዐረብኛ «ለውዝ» ሲባል የዛፍ ፍሬ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ለውዝ የተባለው ይኸው ዛፍ ነው። ዛፉ የኮክ የቅርብ ዘመድ ነው። ኮክ ስንበላ ሥጋውን በልተን ውስጡ ያለውን ጠንካራ ፍሬ እንጥላለን። በለውዝ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሥጋው ደርቆ ይሰነጠቅና ይጣላል፣ ጠንካራው ቅርፊት ይሰበራል፣ የሚበላው በውስጡ ያለው ዘር ነው።

የዚህ ዛፍ ጥንተ መገኛ ምዕራብና መካከለኛው እስያ ነው። የዱሩ ለውዝ መራራ ነው። በውስጡ ያለው አሚግዳሊን የተባለ ንጥረ ነገር ሲታኘክ ሳያናይድ ወደሚባለው ኃይለኛ መርዝ ይለወጣል። የጥንት ገበሬዎች ከመራሮቹ መካከል ጣፋጭ ፍሬ የሚሰጡትን ዛፎች እየለዩ በመትከል ነው የዛሬውን ለውዝ ያገኙት። እ.ኤ.አ በ2019 ተመራማሪዎች ይህን የመራራነትና የጣፋጭነት ልዩነት የሚወስነውን ዘረመል ለይተው አሳውቀዋል። በግብጽ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1325 ገደማ በሞተው በንጉሥ ቱታንካሙን መቃብር ውስጥም ለውዝ ተገኝቷል። በዛሬዋ ሳዑዲ ዐረቢያ በተቡክ ክፍለ ሀገር ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ «ጀበል አል-ለውዝ»፣ ማለትም የለውዝ ተራራ፣ ይባላል።

በእስልምናው ዓለም የሥልጣኔ ዘመን ለውዝ በወጥ ቤትም በሐኪም ቤትም ትልቅ ቦታ ነበረው። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢብን ሰያር አል-ወራቅ በባግዳድ ባዘጋጀው የምግብ አሠራር መጽሐፍ ውስጥ «ለውዚነጅ» የሚባል ጣፋጭ አለ፤ የተፈጨ ለውዝና ስኳር በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ የሚሠራ ነው። እ.ኤ.አ በ1037 የሞተው ታላቁ ሐኪም ኢብን ሲና «አል-ቃኑን ፊ ጢብ» በተባለው ኪታቡ ጣፋጩንና መራራውን ለውዝ ለየብቻ ጠቅሶ ጽፏል። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ የኢሽቢሊያው ኢብን አል-ዐዋም ስለ እርሻ በጻፈው ሰፊ መጽሐፍ ለውዝን ከሚተከሉት ዛፎች አንዱ አድርጎ አስፍሮታል።

ከአንደሉስ የሚተረክ አንድ ታሪክም አለ። የኢሽቢሊያው ንጉሥ አል-ሙዕተሚድ ሚስቱ ኢዕቲማድ በረዶ ናፈቀችና አዘነች ይባላል። ንጉሡም በቁርጡባ ተራራ ላይ የለውዝ ዛፎች አስተከለላት፤ በየዓመቱ ነጭ አበባው ሲፈነዳ ተራራው በረዶ የለበሰ ይመስል ነበር። ተረኩ ይህ ነው። ታሪክ የሚያረጋግጠው ግን አል-ሙዕተሚድ እ.ኤ.አ በ1091 ከዙፋኑ ወርዶ ወደ ሞሮኮ መጋዙን፣ በ1095ም በስደት አግማት ላይ መሞቱን ነው። ንግሥናው አለፈ፤ ለውዙ ግን ዛሬም በስፔን ምድር ይለቀማል። ዱንያ እንዲህ ናት።

ታዲያ ለውዝ ለምን በጂንካ አካባቢ አይተከልም? ዛፉ እንቅልፉን ጨርሶ እንዲያብብ ረዘም ያለ የክረምት ብርድ፣ ፍሬው እንዲበስል ደግሞ ደረቅና ሞቃት በጋ ይፈልጋል። ብርዱን አግኝቶ ካበበ በኋላ ውርጭ ከመጣ ደግሞ አበባው ይረግፋል። የእኛ አገር እንዲህ ያለ ክረምት የለውም፤ ዝናቡም በዓመት ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። አብዛኛው የለውዝ ዝርያ ብቻውን ስለማያፈራም ከጎኑ ሌላ ዝርያና ብዙ ንብ ያስፈልገዋል። ዛሬ ከዓለም ምርት 80 በመቶ የሚሆነውን የምታመርተው የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ናት። እዚያም የለውዝ አበባ በደረሰ ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን በላይ የንብ ቀፎዎች በመኪና እየተጫኑ ወደ እርሻው ይጓጓዛሉ። እንግዲህ ጎረቤትዎ ያቀመሱዎት ለውዝ ውድ የሆነው ከሩቅ ስለሚመጣ ነው።

የገበያችን ለውዝ

ቅዳሜ ገበያ በስኒ የሚሰፈረው ሌላ ነው። እርሱ ኦቾሎኒ ነው። ዐረቦች «ፉል ሱዳኒ»፣ የሱዳን ባቄላ፣ ይሉታል። የእኛ ሰው ሁለቱንም ለውዝ ስለሚል ነው ነገሩ የተደባለቀው። ኦቾሎኒ ዛፍ አይደለም፤ የባቄላና የአተር ወገን የሆነ አጭር ተክል ነው። አበባው ከምድር በላይ ያብባል። ከዚያ ከአበባው ሥር ቀጭን ዘንግ ወርዶ አፈር ውስጥ ይገባና ፍሬው ከምድር በታች ያድጋል። ሱብሐነላህ! ለዚህ ነው ልል የሆነና አሸዋ የቀላቀለ አፈር የሚወደው። የባቄላ ወገን በመሆኑም አፈሩን ያዳብራል።

የኦቾሎኒ መገኛ ደቡብ አሜሪካ ነው። የዛሬዎቹ ቦሊቪያና አርጀንቲና የሚዋሰኑበት አካባቢ ሰዎች በጥንት ዘመን አላመዱት። ወደ አፍሪካ ያመጡት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፖርቱጋሎች ናቸው። በአገራችን በምሥራቅ ሐረርጌ ባቢሌ፣ ፈዲስና ጉርሱም፣ በምዕራብም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በስፋት ይመረታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኢብን ሲና ሲሞት ኮሎምበስ አሜሪካን ሊረግጥ ገና 455 ዓመት ይቀረው ነበር። ኢብን ሲናም ሆነ ኢብን አል-ዐዋም ኦቾሎኒን በዓይናቸው አላዩትም። ስለዚህ በጥንት የጢብ ኪታቦች «ለውዝ» ተብሎ የተጻፈውን ሁሉ አንስቶ ለገበያችን ለውዝ ማልበስ ስህተት ነው። በሌላ በኩል ለውዝ በቁርአን ውስጥ በስም አልተጠቀሰም። ተምር፣ ወይን፣ ወይራ፣ በለስና ሩማን ተጠቅሰዋል። ስለዚህ ነጋዴ ዕቃውን ለመሸጥ ብሎ ለውዝ በቁርአን የተወደሰ ነው ቢላችሁ አትቀበሉ።

ሁለቱ ሲመዛዘኑ

ወደ ጥቅማቸው እንምጣ። ከ100 ግራም የዛፉ ለውዝ ወደ 21 ግራም ፕሮቲን፣ 50 ግራም ያህል ቅባትና 579 ካሎሪ ይገኛል። ከ100 ግራም ኦቾሎኒ ደግሞ ወደ 26 ግራም ፕሮቲን፣ 49 ግራም ቅባትና 567 ካሎሪ ይገኛል። የዛፉ ለውዝ በካልሲየምና በቫይታሚን ኢ ወደ ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ኦቾሎኒው በፕሮቲን ይበልጣል፤ ለነፍሰ ጡር እናት አስፈላጊ በሆነው ፎሌትም እጅግ ይበልጣል።

እ.ኤ.አ በ1996 አንድሬ ብሪያን የተባሉ ፈረንሳዊ የሕጻናት ሐኪም ሚሼል ለስካን ከተባሉ ባለሙያ ጋር ሆነው ለተጎዱ ሕጻናት ፕላምፒ ነትን ሲሠሩ መሠረት ያደረጉት ኦቾሎኒን ነው። ኦቾሎኒ ተፈጭቶ ከወተት ዱቄት፣ ከስኳር፣ ከዘይት፣ ከቫይታሚንና ከማዕድናት ጋር ይቀላቀላል፤ አንዷ እሽግ 500 ካሎሪ ትሰጣለች። በድርቅ ዘመን በጤና ኬላዎቻችን የብዙ ሕጻናት ነፍስ በአላህ ፈቃድ በዚህ ምግብ ተርፏል። የድሃ ምግብ ተብሎ የሚናቀው ፍሬ ይህን ያህል ባለውለታ ነው።

ስለዚህ እናቴ፣ ገንዘብዎን ለሩቁ ለውዝ ብለው አያጠራቅሙ። ብቻውን አእምሮ የሚከፍት ፍሬ የለም። የተራበ ልጅ ግን አይሐፍዝም። ልጅዎ ጠግቦ ቢበላ፣ ቢተኛና ትምህርቱን ቢደጋግም ይበልጥ ይጠቅመዋል። ኦቾሎኒ ከገብስ ቆሎ ጋር፣ ወይም ተፈጭቶ በሻይ፣ ወይም በዳቦ ላይ ተቀብቶ ይበቃዋል።

እርጥበትና አማና

ይህን ካልሁ በኋላ ግን ዝም ብዬ ባልፍ አማናዬን አልተወጣሁም። ኦቾሎኒ አንድ ከባድ ጠላት አለው፤ እርሱም ሻጋታ ነው።

እ.ኤ.አ በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100 ሺህ በላይ ቱርኪ የሚባሉ ትልልቅ ዶሮዎች በድንገት አለቁ። ምክንያቱ ሲፈተሽ ከብራዚል የመጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ በልተው ነበር። በፋጉሎው ላይ አስፐርጊለስ ፍላቨስ የተባለ ሻጋታ በቅሎበታል፤ መርዙም አፍላቶክሲን ተባለ። ይህ መርዝ የጉበት ካንሰር እንደሚያስከትል ተረጋግጧል። በብዛት ከተበላ ደግሞ በቀናት ውስጥ ይገድላል። እ.ኤ.አ በ2004 በጎረቤታችን ኬንያ በምሥራቁ ክፍል እርጥብ እያለ የተከማቸ በቆሎ ከበሉት 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። በአገራችንም እ.ኤ.አ በ2013 በታተመ ጥናት ከምሥራቅ ኢትዮጵያ ከተሰበሰቡ 120 የኦቾሎኒ ናሙናዎች በ93ቱ አፍላቶክሲን ተገኝቷል።

መርዙ በመቁላት ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ሻጋታውን ጠርጎ መብላትም አያድንም። የሻገተ ፋጉሎ የበላች ላም መርዙ በወተቷ ይወጣል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ተማሪ ሳለሁ በእረፍት ወራት ከአንድ ነጋዴ ዘንድ እሠራ ነበር። ኦቾሎኒው ሲፈለፈል እንዳይሰባበርና ቅርፊቱ እንዲላላ፣ ሚዛንም እንዲያነሳ ውሃ እንድረጭበት ታዘዝሁ፤ ረጨሁ። እርጥቡን ከታች፣ ደረቁን ከላይ አድርገን በጆንያ እንሞላ ነበር። ያን ጊዜ ቢበዛ የሚዛን ማታለል ይመስለኝ ነበር፤ መርዝ እየዘራሁ መሆኔን አላወቅሁም። ያን ኦቾሎኒ የትኛው ሕጻን እንደበላው ዛሬም ያስጨንቀኛል። አላህ ይማረኝ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ በእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ቢያስገቡ ጣቶቻቸው እርጥበት አገኙ። ባለቤቱን ሲጠይቁት ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። እርሳቸውም ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰውም ከእኛ እንዳልሆነ ተናገሩ። አቡ ሁረይራ ያወሩትና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ነው። ይህን ሐዲስ በመድረሳ በልጅነቴ ቀርቼዋለሁ፤ ምን ያህል የሰው ነፍስ የሚጠብቅ እንደሆነ የገባኝ ግን ስለ አፍላቶክሲን ካነበብሁ በኋላ ነው።

ምን እናድርግ?

ገበሬ ወንድሞቼ፦ ኦቾሎኒ ነቅላችሁ ፍሬውን ወደ ፀሐይ አዙሩት፤ ሲነቀነቅ ውስጡ እስኪንኳኳ ድረስ አድርቁት። የተሰበረውንና ተባይ የበላውን ለዩ። ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ አየር በሚያገኝ ጆንያ አስቀምጡ። በቆሎና ማሽላም እንዲሁ ናቸው። ቆላው አፈር ለኦቾሎኒ ይስማማ እንደሆነ የወረዳችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ።

ነጋዴዎች፦ ውሃ አትርጩ። ዝናብ የመታውን ከደረቁ አትቀላቅሉ። የሻገተውን በርካሽ መሸጥ ሐላል አያደርገውም፤ ርካሹን የሚገዛው ድሃው ነውና።

እናቶች፦ የተጨማደደውን፣ ቀለሙ የተለወጠውን፣ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ብናኝ ያለበትን፣ ሲቀመስ የሚመረውን ጣሉ። ለከብትም አትስጡ። መጣል ብክነት አይደለም። ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕጻናት ድፍን ፍሬ አትስጡ፤ ያንቃቸዋል፤ ፈጭታችሁ ስጡ። ኦቾሎኒ ሲበላ የሚያሳክከው ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ልጅ ካለ ፈጽሞ አይንካው፤ ሐኪምም ይየው። የዛፉን ለውዝ ያገኛችሁም መራራ ፍሬ ከገጠማችሁ ትፉት።

ያቺ እናት በሚቀጥለው ሳምንት በልጃቸው በኩል መልስ ላኩልኝ። ያጠራቀሙትን ገንዘብ ለልጃቸው ደብተርና ለቤቱ ዘይት አዋሉት፤ ኦቾሎኒውን ደግሞ ከስኒው ላይ ከማየት አልፈው ከጆንያው ሥር እየዘገኑ አይተው እንደሚገዙ ነገሩኝ። እኔም እጃቸውን ወደ ጆንያው ሥር መስደዳቸው ያን ሐዲስ አስታወሰኝ።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላልና ንጹሕ ያድርግልን፤ ከማታለልም ይጠብቀን። አሚን።