የተቀበረው ማሰሮ፤ ስለ ካርቱም ሸክላና አትክልት

ካርቱም ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙባት ከተማ ናት። ከኢትዮጵያ ተራሮች የሚወርደው ዓባይ ከደቡብ ከሚመጣው ነጭ ዓባይ ጋር በዚያ ተቀላቅሎ ወደ ግብፅ ይጓዛል። ይህን የሰማ ሰው፥ በካርቱም በውሃ የሚቸገር ያለ አይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ከወንዙ ዳር ጥቂት ራቅ ሲሉ ምድሩ ደረቅ ነው፤ ዝናቡም በዓመት ከ200 ሚሊሜትር በታች ሲሆን፥ አብዛኛው የሚወርደው ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል። ጥዋት በመሬት ላይ የፈሰሰውን ውሃ ቀትር ሳይደርስ ፀሐይ ይወስደዋል። ስለዚህ በግቢው ጥቂት አትክልት ለመትከል የሚፈልግ ድኻ ችግሩ ውሃ ማግኘት ብቻ አይደለም፤ ያገኘውን ውሃ ከፀሐይ አስጥሎ ለተክሉ ሥር ማድረስም ጭምር ነው።

ለዚህ ችግር ከተገኙት ዘዴዎች መካከል ወጪው እጅግ አነስተኛ የሆነው፥ የሸክላ ማሰሮን እስከ አንገቱ በመሬት ቀብሮ ውሃ መሙላት ነው። ይህን ዘዴ በሚገባ ለመረዳት ግን፥ በካርቱም ምድር ሸክላ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለውና ምን ሲሠራበት እንደ ኖረ አስቀድሞ መመልከት ያስፈልጋል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1944 እና በ1945 ዓ.ም. እንግሊዛዊው የጥንት ታሪክ ተመራማሪ አርኬል በካርቱም ሆስፒታል አጠገብ መሬት አስቆፍረው፥ ከ8,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው የሸክላ ገሎች አገኙ። በገሎቹ ላይ እንደ ውሃ ማዕበል የሚታጠፉ መስመሮች ተሥለውባቸው ነበር፤ አርኬል እንደ ገመቱትም ጥንታውያኑ ሠሪዎች መስመሩን ያወጡት ጭቃው ሳይደርቅ በዓሣ እሾህ እየጫሩ ነው። በዚያ ስፍራ ይኖሩ የነበሩት ሰዎች ዓሣ አጥማጆችና አዳኞች እንጂ ገበሬዎች አልነበሩም። አርኬል ቆይተው በ1949 እና በ1950 ከኦምዱርማን በስተ ሰሜን ሻሄይናብ በተባለው ቦታ ሲያስቆፍሩ ግን፥ ከእነዚያ እጅግ ዘግይተው የኖሩና ፍየል ያረቡ የነበሩ ሰዎችን ቅሬታ አገኙ። ከዚህ የሚታወቀው፥ በካርቱም ምድር ሸክላ ከእርሻም ከከብት እርባታም የቀደመ መሆኑን ነው።

እርሻ ከመጣ በኋላ ማሰሮ የገበሬው አገልጋይ ሆነ። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያዎቹ ክፍለ ዘመናት፥ ሳቂያ የተባለው በበሬ የሚዞር የውሃ መንኰራኵር በኑብያ ተስፋፋ። በመንኰራኵሩ ገመድ ላይ ቃዱስ የሚባሉ የሸክላ ማሰሮዎች ተራ በተራ ታስረው፥ ከወንዙ ውሃ እየቀዱ ወደ ቦዩ ይገለብጡ ነበር። ሳቂያ በዓባይ ዳር ከሺህ ዓመት የሚበልጥ ዘመን ካገለገለ በኋላ፥ በ20ኛው መቶ ዓመት የሞተር መሳቢያ ተተካበት። በ1925 ደግሞ የሰናር ግድብ ተሠርቶ ከካርቱም በስተ ደቡብ ያለው የገዚራ ሜዳ ጥጥ ማምረቻ ሆነ። ይህ ሁሉ የውሃ ሥራ ግን ሰፊ እርሻ ላለው ወይም በወንዝ ዳር ለሚያርስ ሰው እንጂ፥ ከወንዝ ርቆ በጠባብ ግቢ ለሚኖር ቤተ ሰብ የታሰበ አልነበረም።

በየቤቱ ያለው ማሰሮ ሌላ ነበር፤ እርሱም ዚር ይባላል። ዚር እንደ እኛ ሀገር ጋን ሆዱ ሰፊ፥ ታቹ ሾጠጥ ያለ የውሃ ማኖሪያ ነው። በኦምዱርማን በዓባይ ዳር የሚገኘው፥ ስሙ ራሱ ከማቃጠያ ምድጃ የተወሰደው የአል ቀማይር ሠፈር በሸክላ ሥራ ለረጅም ዘመን የታወቀ ነበር። ጭቃው ወንዙ ያመጣው ደለል ነው፤ ከዚህም ደለል ብዙው በክረምት ከኢትዮጵያ ደጋ ታጥቦ የወረደ ዐፈር ነው። ሸክላ ሠሪዎች ከጭቃው ጋር ፋንድያ ይቀላቅላሉ፤ ሸክላው ሲተኮስ ፋንድያው ተቃጥሎ በገላው ውስጥ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ይተዋል። በእነዚህ ቀዳዳዎች ውሃው ወደ ውጭ ይወዛል፤ ወዙም በነፋስ ሲተን በውስጥ የቀረው ውሃ ይቀዘቅዛል። የካርቱም ሰዎች እንዲህ ያለውን ዚር ለመንገደኛ ነፍስ ብለው በጥላ ሥር ያኖሩታል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በጦርነትና በረኀብ ምክንያት ወደ ካርቱም የተሰደዱ አያሌ ኢትዮጵያውያንም ከዚህ የመንገድ ዳር ዚር ጠጥተዋል።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ማሰሮው በነፋስ ላይ ሲቆም የሚወዛው ውሃ ለሰው ጥም ማብረጃ ከሆነ፥ በመሬት ሲቀበር ደግሞ ለተክል ሥር መጠጥ ይሆናል። ይህን አስቀድመው በጽሑፍ ካስቀመጡት አንዱ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዓመት በቻይና የነበረው የእርሻ ሊቅ ፋን ሸንግ ጂ ነው። እርሱም ጉድጓድ ቆፍሮ ፍግ ከዐፈር ጋር መቀላቀልን፥ ማሰሮውን አፉ ከመሬት ጋር እኩል እስኪሆን መቅበርን፥ በዙሪያው አራት የሐብሐብ ዘር መትከልንና አፉን በሸክላ መክደንን አስተምሯል። በእኛም ዘመን፥ በ1970ዎቹ፥ በህንድ ሀገር በካርናል ያሉ የጨዋማ መሬት ተመራማሪዎች ይኸንኑ ዘዴ ፈትነው ጠቃሚነቱን አረጋግጠዋል።

የአሠራሩ ምሥጢር በዐፈሩ ጠባይ ላይ ነው። ዐፈሩ ሲደርቅ ውሃውን ከማሰሮው ገላ ይስባል፤ ሲረጥብ ግን መሳቡን ይቀንሳል። ስለዚህ ማሰሮው ያለ ጠባቂ በልክ የሚያጠጣ አትክልተኛ ነው። ላይኛው ዐፈር ደረቅ ሆኖ ስለሚቆይ ፀሐይ የሚወስደው ውሃ ጥቂት ነው፤ አረሙም ይቀንሳል።

ሥራውም ቀላል ነው። ከ6 እስከ 10 ሊትር የሚይዝ፥ ያልተቀባና ያልተሟሸ ማሰሮ ይመረጣል፤ የወጥ ድስት ቅባት ጠጥቶ እንዳያፈስ ሲሟሽ፥ ለአትክልት የሚሆነው ማሰሮ ግን እንዲወዛ ስለሚፈለግ ሙሽት አይነካውም። ማሰሮውን ውሃ ሞልተው ሲያሳድሩት ጥዋት ውጭው ረጥቦ ከተገኘ ተስማሚ ነው፤ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን የተሰነጠቀ ነው። ከዚያ በኋላ የማሰሮውን ወርድ እጥፍ የሚያህል ጉድጓድ ተቆፍሮ፥ የበሰበሰ ፍግ የተቀላቀለበት ዐፈር በዙሪያው ይጠቀጠቃል። ጭቃ እንዳይገባ አፉ ከመሬት በላይ ሁለት ጣት ያህል ይወጣል፤ ትንኝም እንዳይራባበት ይከደናል። ከማሰሮው ስንዝር በማይሞላ ርቀት ቲማቲም፥ ባሚያ፥ ዱባ ወይም ሐብሐብ ይተከላል፤ ቡቃያው ሥር እስኪሰድ ድረስም ላዩን ማጠጣት ይገባል።

ይህ ዘዴ ችግር የለበትም ማለት አይደለም። በክረምት የዓባይ ውሃ ደለል ስለሚበዛው፥ ሳያጠልሉ ቢሞሉት የሸክላው ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። ተጠጋግተው ለሚዘሩ ቅጠላ ቅጠሎችም ብዙ አይመችም። ከሁሉም በላይ፥ ማሰሮ ውሃን ይቆጥባል እንጂ ውሃን አይፈጥርም፤ ውሃውን የሚያመጣ ሰው ያስፈልጋል።

ይህ የመጨረሻው ነገር በካርቱም ዳርቻ ከባድ ነበር። ከ1984 እና ከ1985 ድርቅ፥ ከደቡቡም ጦርነት የሸሹ ሰዎች በከተማው ዙሪያ በሠፈሩ ጊዜ፥ ውሃ የሚገዙት በአህያ ጋሪ ከሚያዞሩ ሻጮች ነበር። በ1992 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፥ ከእነዚህ ሠፈሮች አንዳንዶቹ ከገቢያቸው ከግማሽ የሚበልጠውን ለውሃ ይከፍሉ ነበር። በሚያዝያ 2023 ጦርነት በካርቱም ሲነሣም፥ በባሕሪ ያለው ታላቅ የውሃ ማጣሪያ ሥራውን አቋርጦ፥ ብዙ ሰው ከወንዝ በዕቃ እየቀዳ መጠጣት ግድ ሆነበት። እንዲህ ባለ ዘመን አንድ ባልዲ ውሃ በመሬት ላይ ተደፍቶ በመትነኑና በተቀበረ ማሰሮ ውስጥ ገብቶ ሥር በማጠጣቱ መካከል ያለው ልዩነት፥ በልጆች ማዕድ ላይ አትክልት በመኖሩና ባለመኖሩ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ይህን ዕውቀት ለማስፋፋት ከመምህራን የሚቀርብ የለም፤ ሱዳንም ለዚህ ምሳሌ አላት። በ1934 በነጭ ዓባይ ዳር በዱዌም ከተማ የበኽት አር ሩዳ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋቋመ። መሪው ግሪፊትስና የሥራ ባልደረባቸው አብድ አል ረህማን ዓሊ ጣሃ፥ የገጠር መምህር የሚሆን ሰው ከመጽሐፍ ጋር የአካባቢውን ኑሮና የእጅ ሥራም እንዲያውቅ ይጥሩ ነበር። ሕንፃውም የሀገሬው ሰው በሚሠራበት በጭቃ የታነጸ ነበር። ማሰሮ በትምህርት ቤት አትክልት ውስጥ ቢቀበር፥ ተማሪው ስለ ውሃ መትነን፥ ስለ ዐፈር ጠባይና ስለ ሥር አንድ ጊዜ በዓይኑ አይቶ ይማራል።

ሆኖም ማሰሮ የሚከበረው ሠሪው ሲከበር ነው። በሀገራችን ሸክላ ሠሪ ሲናቅና ክፉ ስም ሲሰጠው ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ባወጡት ዐዋጅ፥ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለዋል። ዐዋጁ ቢወጣም ንቀቱ በአንድ ቀን አልጠፋም፤ ከንቀቱም የተነሣ የሸክላ ሠሪ ዕውቀት የጋን ውስጥ መብራት ሆኖ ቀረ። የትኛው ጭቃ እንደሚወዛ፥ የትኛው እንደሚይዝ፥ ምን ያህል እሳት እንደሚበቃው የሚያውቁት በቀጨኔም ሆነ በኦምዱርማን ጭቃውን የሚያቦኩት እጆች ናቸው።

አበው ጋን በጠጠር ይደገፋል ይላሉ። ታላላቅ ግድቦችና ሞተሮች አስፈላጊ መሆናቸው አይካድም፤ ግን ቦዩ በማይደርስበት ግቢ ያለውን ተክል የሚደግፈው ያ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ነው። ከማረሻ በፊት በካርቱም ምድር የተገኘው ማሰሮ፥ ሞተሩ በቆመበትም ቀን ሥራውን ለመሥራት የሚጠይቀው አንድ ባልዲ ውሃና አንድ ክዳን ብቻ ነው።