ስማቸው የተጻፈና ያልተጻፈ

በ1934 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1942)፣ ነጭ ቀለም የተቀቡና በጎናቸው ቀይ መስቀል የተሣለባቸው አራት የጣልያን መርከቦች ከአገራቸው ተነሡ። ቩልካኒያ፣ ሳቱርኒያ፣ ጁልዮ ቼዛሬና ካዮ ዱሊዮ ይባላሉ። የመጡት ለውጊያ አልነበረም፤ በፈረሰው ቅኝ ግዛት የቀሩትን ሴቶች፣ ሕፃናት፣ አረጋውያንና ሕሙማን ሊወስዱ እንጂ።

እንግሊዝና ጣልያን እየተዋጉ ሳሉ በገለልተኞች አማካይነት ተስማምተው ነበር። መርከቦቹ በስዊዝ ቦይ ሳይሆን አፍሪካን ዞረው ይመጣሉ፤ ተጓዡ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያ እስከ በርበራ ወደብ በጭነት መኪና ይደርሳል። ለሥራና ለጦር የደረሱት ወንዶች ግን ተለይተው ቀሩ፤ ብዙዎቹም ተማርከው ወደ ኬንያ ተወሰዱ። እስከ 1935 ዓ.ም. ማብቂያ በ3 ጉዞ 28 ሺህ ያህል ሰዎች ተመለሱ። ኋላ በሥዕላዊ ታሪኮቹ ዝነኛ የሆነው ሁጎ ፕራት ከእናቱ ጋር በድሬዳዋ ካምፕ ቆይቶ ወደ ጣልያን የተመለሰ ልጅ ነበር።

እኔ በባንክ መዝገብ ላይ ስም ስጽፍ የምውል ሰው ነኝ። ስለዚህ ከመርከቦቹ ይልቅ ያስደነቀኝ ዝርዝሩ ነው። ስሙ የተጻፈ ሕፃን የሚጠብቀው መኪና፣ የሚሳፈርበት መርከብ አለው።

የዋግ ምድር ግን ሌላ ታስታውሰኛለች። በመስከረም 1930 ዓ.ም. የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በአርበኝነት ሲዋጉ ወደቁ፤ ጠላት አንገታቸውን ቆርጦ ለሕዝብ አሳየ፤ መንደሮችም ተቃጠሉ። በ1931 ዓ.ም. ደግሞ በመንዝ፣ ዘረት በሚባለው ስፍራ፣ በአመፀኛ ዋሻ ከአርበኞች ጋር የተጠለሉ ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን በመርዝ ጋዝና በጥይት አለቁ። ለእነርሱ ባቡር ያዘጋጀ፣ ስማቸውን የመዘገበ ጸሐፊ አልነበረም።

ታዲያ የወራሪው ልጆች መዳናቸው ያስቆጫልን? አያስቆጭም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ክፉን በክፉ እንዳንመልስ አሳስበዋል። ሕፃን የአባቱን ዕዳ አይወርስም። የሚቆጨኝ የእነርሱ መጻፍ ሳይሆን የእኛ አለመጻፍ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ከአበርገሌና ከጻግብጂ ልጅ አዝለው ሰቆጣ የደረሱትን እናቶችም የሚጠብቃቸው ነጭ መርከብ አልነበረም።

አንባቢ ሆይ፣ አያቶችዎን ይጠይቁ፤ ሸሽተው ያልተመለሱትን ስማቸውን ይጻፉ።