መብራት መታጠቢያ ቤት ሲገባ

ከአስኮ አልፎ ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የሳንሱሲ ሰፈር ስም ፈረንሳይኛ ፈረንሳይኛ ይላል፤ በዚያ ቋንቋ «ያለ ሐሳብ» እንደ ማለት ነው። የፕሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ ፖትስዳም ላይ ያሠራው ቤተ መንግሥትም በዚሁ ስም ይጠራል። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ስም መልመድ ግን የሰፈር ብቻ አይደለም። የመብራት ባለሙያው ከረጢት ሲፈታ አምፖሉ ከፈረንሳይኛ፣ ፒንሳው፣ ካቻቢቴውና ናስትሮው ከጣሊያንኛ፣ ስፖት ላይቱ ከእንግሊዝኛ የመጡ ስሞች ይዘው ይወጣሉ። ኮርኒስና ባኞም የጣሊያንኛ ናቸው። የአዲስ አበባ ቤት በየዘመኑ ከማን ምን እንደተቀበለ ከእነዚህ ቃላት ይነበባል።

ከተማዋ የተቆረቆረችው ገላ መታጠቢያ ዳር ነው። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃን ወደው በ1879 ዓ.ም. በአካባቢው ቤት ካሠሩ በኋላ መኳንንቱም ሠራዊቱም ተከተለ። ያም ሆኖ ለብዙው ነዋሪ መታጠብ ለረጅም ዘመን ከመኖሪያ ክፍል ውጭ ይደረግ ነበር፤ ፍልውሃ ወርዶ፣ ወንዝ ዳር፣ አለዚያም ጓሮ ውስጥ በሳፋ። መጸዳጃውም ግቢ ጥግ ያለ፣ ጎረቤት ከጎረቤት የሚጋራው ነበር። ማታ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ኩራዙን ነፋስ እንዳያጠፋበት በመዳፉ ከልሎ ይወጣል።

ኤሌክትሪክ በ1890 ዓ.ም. ገደማ የዳግማዊ ምኒልክን ቤተ መንግሥት አበራ። የመብራትና ኃይል ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1948 ዓ.ም. ነው፤ 43 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የቆቃ ግድብ ደግሞ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በጭቃ ቤት ውስጥ የመብራት ደንብ አንድ ነበር፦ ከክፍሉ መሐል በሽቦ የተንጠለጠለ አንድ አምፖል። ኮርኒሱ ከጣሪያ የሚወርደውን አቧራ ለመያዝ የተወጠረ አቡጀዲ ነበር፤ በኋላ በቺፕውድ ተተካ። ሽቦው ግድግዳውንና እንጨቱን ተከትሎ በግላጭ ይሄዳል። ውበት የለውም፤ ነገር ግን የተላጠውም፣ የጠቆረውም፣ ልጅ የጎተተውም ቦታ ለዓይን ይታያል። ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

ከቡራዩ ማዶ በ1930ዎቹ የተሠራው የገፈርሳ ግድብ ለከተማዋ የቧንቧ ውኃ አንዱ መሠረት ሆነ። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የተስፋፋው ኮንዶሚኒየም ደግሞ መታጠቢያ ቤትን በእያንዳንዱ ቤት በር ውስጥ አስገባ። የጂፕሰም ኮርኒስ ተከትሎ መጣ፤ ከኮንክሪቱ ሥር ባዶ ቦታ ትቶ ሽቦውን ሁሉ ሰወረ። ስፖት የሚቀበረው እዚያ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሃሎጅኖች እያንዳንዳቸው እስከ 50 ዋት የሚበሉና ኮርኒሱን የሚያግሉ ነበሩ። ሰማያዊውን ኤልኢዲ የፈጠሩት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል ሽልማት አገኙ፤ ነጭ የኤልኢዲ ብርሃን ከእነሱ ሥራ የተገኘ ነው። ዛሬ ያንኑ ያህል ብርሃን ከ5 እስከ 7 ዋት ይሰጣል።

ኤልኢዲው ሙቀቱን ቀነሰ፤ እንፋሎቱን ግን አላስቀረም። ሻወር በተከፈተ ቁጥር እንፋሎቱ በስፖቱ ጠርዝ ሾልኮ ማንም ወደማያየው ሽቦ ይደርሳል። በደረቅ ሳሎን ዘመን የተለመደው አሠራር፣ ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል፣ እዚህ አይሠራም። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃ ከሻወሩ ወለል እስከ 2.25 ሜትር ከፍታ ያለውንና ከዚያ ወደ ጎን 60 ሳንቲ ሜትር የሚዘልቀውን ቦታ ለይቶ ውኃ የሚረጭበትን የሚቋቋም መብራት ብቻ ይፈቅዳል። ጂፕሰሙ ለሽቦ ቦታ ሲባል ዝቅ ብሎ ከተሠራ፣ ከክልሉ ውጭ ይሆን የነበረው ስፖት ወደ ውስጡ ሊገባ ይችላል። ይህን ለማስላት ሜትርና ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ ስለዚህ መለካቱ መዘለል የለበትም።

ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ጣራ ላይ ከመድረሱ በፊት ብሬከሩን አውርዶ በቴስተር ያረጋግጣል፤ ወደ መሬት የሚያፈስ ኤሌክትሪክ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ ራሱ የሚቆርጥ መከላከያም ያስገባል። ካርቶኑ ላይ አይ ፒ 44 ወይም 65 የሚለውን አይቶ ይገዛል። መገጣጠሚያውን ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ ይዘጋል። ከቀዳዳው በላይ ደግሞ አንድ ስንዝር ትርፍ ሽቦ ጠቅልሎ ይተዋል፤ ስፖቱ ሲቃጠል የሚመጣው ሌላ ባለሙያ ጂፕሰሙን ሳይሰብር ወደ ታች ስቦ የሚፈታበት።