የተዘጉ የግድያ መዝገቦችን ዳግም ያስነሡ ፖድካስቶች

“ያለ ፍርድ ከሄደች ጭብጦዬ በፍርድ የሄደች በቅሎዬ” ይላል የሀገሬው ሰው። በአግባቡ የተሰጠ ፍርድ ብዙ ቢያስከፍልም ያስማማል ለማለት ነው። ፍርዱ ራሱ የተዛባ እንደኾነስ? ይህን ጥያቄ በተለይ በአሜሪካ ደጋግመው ካነሡት መካከል ፖድካስት የሚያዘጋጁ ጋዜጠኞች ይገኙበታል።

ፖድካስት በኢንተርኔት የሚሰራጭ፣ አድማጭ በስልኩ አውርዶ በፈለገው ሰዓት የሚያዳምጠው የድምፅ ዝግጅት ነው። ከመደበኛው የሬዲዮ ዜና የሚለየው ለአንድ ጉዳይ ብዙ ሰዓት መስጠት መቻሉ ነው። ጋዜጠኞቹ የፍርድ ቤት መዝገብ ያገላብጣሉ፤ ምሥክሮችን ዳግም ያነጋግራሉ፤ ወንጀሉ ተፈጸመበት የተባለውን መንገድ ተጉዘው ሰዓቱን ይለካሉ።

ለዘርፉ በር የከፈተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 የተጀመረው “ሲሪያል” ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በሣራ ኬኒግ አቅራቢነት በ12 ክፍሎች የተላለፈው የመጀመሪያ ዙር፣ በ1999 በባልቲሞር ከተማ አካባቢ የተገደለችን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ጉዳይ መረመረ። የቀድሞ ፍቅረኛዋ አድናን ሰይድ በግድያው ጥፋተኛ ተብሎ የዕድሜ ልክና ተጨማሪ 30 ዓመት እስራት ተፈርዶበት ነበር። ዝግጅቱ ሰውየው ንጹሕ ነው ብሎ አልደመደመም፤ ማስረጃው ግን በቂ ነበር ወይ ሲል ጠየቀ።

ከዚህ ይበልጥ ርቆ የሄደው የከርቲስ ፍላወርስ ጉዳይ ነው። በ1996 በሚሲሲፒ ግዛት፣ ዊኖና በተባለች ትንሽ ከተማ፣ በአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ ውስጥ አራት ሰዎች በጥይት ተገደሉ። በሱቁ ለጥቂት ቀናት ሠርቶ የነበረው ጥቁር አሜሪካዊው ፍላወርስ ተከሰሰ። አንድ ዐቃቤ ሕግ ስድስት ጊዜ ችሎት ፊት አቀረበው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፍርዶች በይግባኝ ተሻሩ። ሁለቱ ችሎቶች፣ ከሕዝብ ተመርጠው የተከሳሹን ጥፋተኝነት የሚወስኑት የጁሪ አባላት ባለመስማማታቸው፣ ያለ ውሳኔ ተበተኑ። በ2010 የተካሄደው ስድስተኛው ችሎት የሞት ቅጣት ፈረደበት።

“ኢን ዘ ዳርክ” የተሰኘው ፖድካስት ጋዜጠኞች ወደ አካባቢው ሄደው ለወራት ከመረመሩ በኋላ ሥራቸውን በ2018 አሰሙ። “ፍላወርስ መግደሉን ነግሮኛል” ብሎ የመሰከረው እስረኛ ሐሰት መናገሩን ለጋዜጠኞቹ አመነ። የዓመታት መዛግብት ሲቆጠሩም፣ የዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ጥቁር እጩ የጁሪ አባላትን ከነጮቹ አራት እጥፍ በሚበልጥ መጠን ሲያሰናብት መኖሩ ታየ።

በሰኔ 2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ7 ለ2 ድምፅ ፍርዱን ሻረ። የውሳኔው ምክንያት በጁሪ ምርጫው የታየው የዘር አድልዎ ነበር፤ በስድስቱ ችሎቶች ዐቃቤ ሕጉ ሊያሰናብታቸው ይችል ከነበሩት 42 ጥቁሮች 41ዱን አስወጥቷል። ፍላወርስ በዚያው ዓመት መጨረሻ በዋስ ወጣ። በ2020 ደግሞ የግዛቷ ዋና ዐቃቤ ሕግ በቀሩት ምሥክሮች ክሱን ማስረዳት እንደማይቻል ገልጸው መዝገቡን አዘጉ። ከ20 ዓመታት በላይ ለታሰረው ሰው 500 ሺህ ዶላር ካሣ እንዲከፈል ተወሰነ።

የሰይድ ጉዳይ ግን በዚህ መልክ አልተቋጨም። በ2022 ፍርዱ ተሽሮ ከእስር ወጣ፤ ክሱም ተነሣ። ይኹን እንጂ የሟች ቤተሰቦች በችሎቱ ለመገኘት በቂ ጊዜ እንዳልተሰጣቸው በይግባኝ አመለከቱ። በ2023 ፍርዱ ተመለሰ፤ በ2024 የሜሪላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህንኑ አጸና። በ2025 አንዲት ዳኛ ቅጣቱን እስከዚያ በታሰረበት ጊዜ ወሰኑለት። ሰይድ ዛሬ ከእስር ውጭ ነው፤ የጥፋተኝነት ፍርዱ ግን አልተነሣለትም።

ሁለቱ ጉዳዮች የሚያሳዩት ፖድካስት መዝገብ ሊያስከፍት እንጂ ሊፈርድ እንደማይችል ነው። የሚፈርደው ችሎት ነው፤ የሚያከራክረውም የአቅራቢው ድምፅና አተራረክ ሳይኾን ማስረጃው ነው። ስለዚህ አድማጭ ሦስት ነገሮችን ቢመረምር ይበጀዋል፦ የቀረበው ማስረጃ አዲስ ነው ወይስ የቀድሞው ሌላ ትርጉም ተሰጥቶት ነው? ዐቃቤ ሕግና ፖሊስ መልስ እንዲሰጡ ዕድል አግኝተዋል? የሟች ወገኖችስ ተሰምተዋል?

የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም። የባልቲሞሯ ተማሪ ወንድም በ2022 ለችሎቱ ባሰማው ቃል፣ ጉዳዩ ለእርሱ ፖድካስት ሳይኾን እውነተኛ ሕይወት መኾኑን ተናግሯል። በዊኖናም ክሱ ሲነሣ ለአራቱ ሟቾች በሌላ ሰው ላይ የተሰጠ ፍርድ አልነበረም። ፍርድ ሲዛባ የሚጎዳው ያለ አግባብ የታሰረው ብቻ አይደለም፤ ገዳዩን የማወቅ መብት ያለው የሟች ቤተሰብም ጭምር እንጂ።