ጅማ ከአንድነቱ በኋላ፦ የልዩነት መንስኤዎች

የጅማ አባ ጅፋር መንግሥት በጊቤ ወንዝ አካባቢ ከነበሩት አምስት የኦሮሞ መንግሥታት አንዱ ነበር። ሌሎቹ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ እና ጌራ ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አምስቱም በምኒልክ ግዛት ሥር ቢጠቃለሉም አገባባቸው አንድ ዓይነት አልነበረም። ጅማ ያለ ጦርነት በስምምነት ገብታ ለግማሽ ክፍለ ዘመን ያህል በራሷ ንጉሥ ስትተዳደር፣ ጎረቤቶቿ ነገሥታቶቻቸውን አጥተው በተሾሙ ገዥዎች ሥር ወደቁ። ከአንድነቱ በኋላ ለታዩት ልዩነቶች ዋናው ምንጭ ይህ የአገባብ ልዩነት ነው። (በዚህ ገጽ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አመጣጥ

የጅማ መንግሥት መቀመጫ ጅሬን ነበረች። ግዛቱ በደቡብ እስከ ጎጀብ ወንዝ ይደርስ ነበር፤ የዛሬው የደዶ ወረዳም በዚሁ በጎጀብ በኩል ባለው የጅማ ዳርቻ ይገኛል። በአቅራቢያው የነበረው የሂርማታ ገበያ ከከፋና ከሌሎች የደቡብ አገሮች ወደ ሸዋ፣ ጎጃምና ቀይ ባሕር የሚሄዱ ነጋዴዎች መገናኛ ነበር። ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ማር ይሸጡበት ነበር። የባሪያ ንግድም የዚህ ገበያ ትልቁ ክፍል እንደነበር መዘንጋት የለበትም።

በ1882 በእምባቦ ጦርነት የሸዋው ራስ ጎበና የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ሲያደርጉ፣ የጊቤ አካባቢ የማን ይሁን የሚለው ክርክር ለሸዋ ተፈታ። ከ1878 ጀምሮ የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ጦርነቱ እንደማያዋጣ ተረድተው ለምኒልክ ገበሩ። በዚህ ውሳኔ የእናታቸው የገሚቲ ምክር ትልቅ ድርሻ እንደነበረው ይነገራል። በምላሹም ጅማ ንጉሧን፣ ፍርድ ቤቷን፣ ገበያዋንና ሃይማኖቷን እንደያዘች እንድትቆይ ተፈቀደላት። ግዴታዋ ዓመታዊ ግብር መክፈልና ሲጠየቅ ጦር ማዝመት ነበር።

የግብር እና የመሬት ሥርዓት

በኃይል በተያዙት አገሮች ወታደሮችና ሹማምንት ደመወዝ በጥሬ ገንዘብ አይከፈላቸውም ነበር። በምትኩ ገባር ይሰጣቸዋል፤ ገባሩም እህል፣ ማርና ጉልበት ያቀርባል። ገበሬው ከመጣው ገዥ ጋር በየቀኑ የሚገናኘው በዚህ ግዴታ በኩል ስለነበረ፣ አንድነቱ ለእሱ ከባድ ሸክም ሆኖ ታየው። ከጊቤ መንግሥታት መካከል ጉማ ለረጅም ጊዜ ስታምጽ የቆየችው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው።

በጅማ ግን ግብሩን የሚሰበስቡት የንጉሡ ሹሞች፣ አባ ቆሮዎች፣ ነበሩ። ወደ መሃል አገር የሚልከውም ንጉሡ ራሱ ነው። ስለዚህ የነፍጠኛና የገባር ሥርዓት በጅማ ገበሬ ላይ እንደ ሌላው አልተጫነም። ይህ ጅማን ከጥፋት ቢያድናትም፣ ከጎረቤቶቿ ጋር የነበራትን የጋራ ዕጣ ከፈለው።

የጎጀብ ሁለት ዳርቻዎች

ልዩነቱ በግልጽ የሚታየው በጎጀብ ወንዝ ላይ ነው። በወንዙ ሰሜን የጅማ ሰዎች በንጉሣቸው ሥር ሲቆዩ፣ በደቡቡ ማዶ ያሉት ኩሎ (ዳውሮ)፣ ኮንታና ከፋ በዘመቻ ተያዙ። ከፋ በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ በተመራ ጦር ስትሸነፍ ንጉሧ ጋኪ ሸሮቾ ተማርከው ከአገራቸው ተወሰዱ፤ ከሕዝቡም ብዙው አለቀ ወይም በባርነት ተጋዘ። የአባ ጅፋር ጦርም ከዘመቻው ተሳታፊዎች አንዱ ነበር። ጅማ ራሷን ያተረፈችበት ስምምነት በጎረቤቶቿ ላይ እንድትዘምት ያስገድዳት ስለነበር፣ በወንዙ ማዶና ማዶ የቀረው ትዝታ አንድ ዓይነት አይደለም።

ሃይማኖትና ቋንቋ

የጊቤ ነገሥታት እስልምናን የተቀበሉት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ በአባ ጅፋር ዘመን ጅማ የታወቀ የእስልምና ትምህርት ማዕከል ሆነች። የማዕከላዊው መንግሥት ሃይማኖት ኦርቶዶክስ ክርስትና፣ የአስተዳደሩና የፍርድ ቤቱ ቋንቋም አማርኛ ነበር። ጅማ በራሷ ስትተዳደር ይህ ልዩነት ብዙ ግጭት አላስነሳም። አቤቱታ የሚቀርበው፣ ዳኝነት የሚሰጠውም ሕዝቡ በሚያውቀው ቋንቋ ነበርና።

የራስ ገዝነቱ ማብቃት

በ1928 የጅማ ዓመታዊ ግብር 87,000 ጠገራ ብር፣ ለጦር ሠራዊት ደግሞ ተጨማሪ 15,000 ጠገራ ብር ነበር። ቡና እየተወደደ ሲሄድ ማዕከላዊው መንግሥት ይህ መጠን እንዲጨምር ጠየቀ። አባ ጅፋር በሕመም ስለደከሙ ነገሩ በልጅ ልጃቸው በአባ ጆቢር እጅ ወደቀ፤ አባ ጆቢርም በጭማሪው አልተስማሙም። በ1932 ወታደሮች ከሂሳብ ጸሐፊዎች ጋር ወደ ጅማ ገብተው የገቢውን ምንጭ መዘገቡ፤ አባ ጆቢር ታሰሩ፤ ጅማም በቀጥታ በማዕከል በሚሾም ገዥ ሥር ገባች። አባ ጅፋር ያረፉትም በዚያው ዓመት ነው። ሃምሳ ዓመት የጸናው ስምምነት የተጠናቀቀው በግብር ክርክር ነበር።

ከጣሊያን ጋር ሲነጻጸር

ጣሊያን በ1861 አንድ መንግሥት ስትሆን ተመሳሳይ ጥያቄ ገጥሟት ነበር። የፒየሞንት ሕግ፣ ግብርና የውትድርና ግዴታ በደቡቡ ላይ በአንድ ጊዜ ተጫነ። ገበሬው ይጠብቀው የነበረውን መሬት ባለማግኘቱ በደቡብ ለዓመታት የዘለቀ ሽፍትነት ተነሳ፤ መንግሥትም በ1863 በወጣ ልዩ ሕግ በወታደር ጨፈለቀው። የጋራውን ቋንቋ የሚናገረው ጥቂት ሰው ሲሆን፣ ከሕዝቡ ሦስት አራተኛ የሚያህለው ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። ሮም በ1870 ከተያዘች በኋላ ደግሞ ጳጳሱ ከመንግሥቱ ጋር ተጣሉ። በሁለቱም አገሮች ሕዝቡን የከፋፈሉት ግብር፣ መሬት፣ ቋንቋና ሃይማኖት ናቸው። ጅማ የተለየችው እነዚህ ነገሮች ለሃምሳ ዓመት በመዘግየታቸው ነው።

የፋሺስት ወረራ

ይህች ጣሊያን በ1936 ኢትዮጵያን ስትወር ጅማን የጋላና ሲዳሞ አገረ ገዥነት ዋና ከተማ አደረገቻት። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የአርበኞች መሪ የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በጎጀብ ወንዝ ዳርቻ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። ወራሪው ቀድሞ የነበረውን ቅሬታ አወቀበት፤ በትምህርት ቤት ኦሮምኛንና ዐረብኛን አስገባ፣ መስጊድ አሠራ፣ አባ ጆቢርንም አስፈትቶ የሱልጣንነት ማዕረግ ሰጣቸው። ዓላማው ሕዝቡን መጥቀም ሳይሆን አንዱን በሌላው ላይ ማስነሳት ነበር። ጅማ በ1941 ነጻ ወጣች።

ከ1941 በኋላ

ከነጻነት በኋላ ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች፤ የቀድሞው ራስ ገዝነት ግን አልተመለሰም። ቡና ዋጋ ሲያወጣ በአካባቢው መሬት የያዙ ከሌላ አገር የመጡ ባለሥልጣናትና ባለሀብቶች በዙ፤ ብዙ ገበሬም ጭሰኛ ሆነ። በዚህም አባ ጅፋር በስምምነታቸው ያራቁት የመሬት ጥያቄ ለጅማ ገበሬም ደረሰው። ጭሰኝነት የቀረው በ1975 የገጠር መሬት የመንግሥት ንብረት እንዲሆን ሲታወጅ ነው።